ደጋን ሳይጎዱና ሳይጎዱበት መወጠር

ደጋን የያዘ ሰው አደጋ ይመጣል ብሎ የሚጠብቀው ፍላጻው ሲለቀቅ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ከዚያ በፊት ያለውን፣ አውታሩ የሚታሰርበትን ጊዜ ነው። ከሥራ ውጭ ያለ ደጋን አውታሩ ወልቆ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ሁለቱ ክንዶቹ እንዲጎብጡ ይደረግና የአውታሩ ቀለበት ጫፉ ላይ ወዳለው ሰርጥ ይገባል። በዚያች ቅጽበት ክንዶቹ ወደ ነበሩበት ለመመለስ እየታገሉ ነው፤ የወጣሪው ፊት ደግሞ ከጫፉ ብዙ አይርቅም። እጅ ካዳለጠ የሚመታው ዓይን፣ ጥርስ ወይም አገጭ ነው። ደጋኑም ተጣሞ ሊቀር ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን አደጋ የሚያርቀው ዕቃ ከአንድ ገመድና ከቁራጭ ቆዳ ወይም ላስቲክ የሚሠራው የደጋን መወጠሪያ ነው።

አብዛኞቻችን ደጋን ያየነው ጥጥ ሲነደፍ ነው። እናቶች ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ካወጡለት በኋላ ጅማት በተወጠረበት ደጋን እየነደፉ ያፍታቱታል፤ ከዚያ አመልማሎ ሆኖ ወደ እንዝርት ይሄዳል። ያ ደጋን ለመወጠር ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። የዒላማና የአደን ደጋን ግን ሌላ ነው። ለጎልማሳ ጀማሪ የሚመከረው እንኳ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 እስከ 14 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ልምድ ያላቸው 40 እና 50 ፓውንድ ይይዛሉ። ዋታዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ከቦረና ጋር፣ በኬንያም በኩል የሚኖሩ የታወቁ አዳኞች ናቸው፤ በኬንያ ያሉት ዝሆን ያድኑበት የነበረው ደጋን ከ100 ፓውንድ በላይ ጉልበት ይፈልግ ነበር። ፍላጻቸውንም ልብ የሚያቆም የምረንዝ መርዝ ይቀቡት ነበር።

ሰው በደጋን ጉልበት ሲመዘን የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ሰላዮቹን ስጦታ አስይዞ ወደ ኢትዮጵያውያን ላከ፤ በዚያ ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሕዝብ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ትልቅ ደጋን ሰጥቶ መለሳቸው፤ ፋርሶች ይህን የሚያህል ደጋን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያኔ ይምጡብኝ ሲል። ትንሽ እንኳ መሳብ የቻለው የካምቢሲስ ወንድም ብቻ ስለነበር፣ ካምቢሲስ ቀንቶ ወንድሙን ወደ ፋርስ መለሰው። በሆሜር ኦዲሴ ደግሞ ፈተናው ራሱ መወጠሩ ነው። የኦዲሴዎስን ሚስት ለማግባት የሚፎካከሩት ጎረምሶች ደጋኑን እሳት አሙቀው፣ ሞራ ቀብተው እንኳ አውታሩን ማሰር አቃታቸው። ቱርኮችም ጠንካራ የቀንድ ደጋኖቻቸውን ለመወጠር ከመንድ የሚባል ጠፍር ነበራቸው። ስለዚህ፣ በመሣሪያ መጠቀም የደካማ ሰው ምልክት ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

ያለ መሣሪያ የሚወጥር ሰው ብዙ ጊዜ ደጋኑን በእግሮቹ መካከል ያሳልፍና የታችኛውን ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ከጭኑ ጀርባ አድርጎ የላይኛውን ክንድ ወደፊት ይገፋል። ይሠራለታል፤ ነገር ግን ኃይሉ በሁለቱ ክንዶች ላይ እኩል አያርፍም፣ ክንዱም ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ጫፎቹ ወደፊት የታጠፉት ሪከርቭ ደጋኖች በዚህ በቶሎ ይጎዳሉ፤ ከተጣመሙ በኋላ አውታሩ መሐል ለመሐል መቀመጡን ይተዋል። ደጋናቸውን ራሳቸው ጠርበው የሠሩ አዳኞች እንጨቱን ከነጉጡ ያውቁታል፣ በጉልበታቸው ቢወጥሩት ልምዳቸውን አከብራለሁ። ከፋብሪካ የወጣ ደጋን ትናንት የገዛ ወጣት ግን እነሱን ልምሰል እንዲል አልመክርም።

በብዛት የሚገኘው መወጠሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በገመዱ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ የቆዳ ኪስ አለው፤ ኪሶቹ የደጋኑን ሁለት ጫፎች ይለብሳሉ። ሁለተኛው ለታችኛው ጫፍ ኪስ፣ ለላይኛው ክንድ ደግሞ ቆንጥጦ የሚይዝ ላስቲክ አለው። ለቀጥተኛውና ረጅሙ የእንጨት ደጋን የመጀመሪያው ይስማማል። ለሪከርቭ እኔ የምመርጠው ላስቲክ ያለውን ነው፤ የታጠፈና ሰፊ ጫፍ ላይ ኪስ አጥብቆ ካልተቀመጠ ሾልኮ ይወጣልና። የትኛውም ቢሆን ኪሱ ጫፉን በልኩ መያዝ አለበት። ከጠለቀ ሰርጡን ይሸፍናል፤ ከሰፋ ያዳልጣል። ከዋጋው በፊት ስፌቱን ተመልከቱ፤ ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው።

ላስቲክ ባለው መወጠሪያ አሠራሩ እንዲህ ነው። የአውታሩ ትንሹ ቀለበት በታችኛው ሰርጥ ይገባል፤ ትልቁ በላይኛው ክንድ ላይ ተጠልቆ ወደ እጀታው ዝቅ ይላል። ኪሱ የታችኛውን ጫፍ ይለብሳል፤ ላስቲኩ ከትልቁ ቀለበት ወደ እጀታው በኩል፣ ተጠግቶ ይቀመጣል። ደጋኑ ሆዱ፣ ማለትም አውታሩ ያለበት ጎን፣ ወደ መሬት ሆኖ በአግድም ይያዝና ገመዱ በእግር ይረገጣል። ያኔ እጀታው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ቢገኝ የገመዱ ርዝመት ልክ ነው። ወገብን ቀጥ አድርጎ እጀታውን ወደ ላይ ሲስቡት ሁለቱ ክንዶች አብረው ይጎብጣሉ፤ ነፃው እጅ ቀለበቱን እየገፋ ሰርጡ ውስጥ ያስገባዋል። ፊት ከክንዶቹ መስመር ውጭ ይሁን። ከመልቀቅ በፊት ሁለቱንም ሰርጦች በዓይን ማየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በአውታሩና በእጀታው መካከል ያለው ርቀት ለቀጥተኛው ደጋን ከ15 እስከ 18፣ ለሪከርቭ ከ18 እስከ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሠሪው የሰጠው ልክ ካለ እሱ ይቀድማል።

ሐዋሳ ላይ ይህን ዕቃ ማሠራት አይከብድም። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ከሚሠሩበት የናይሎን ገመድ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር የሚወፍረው ይበቃል። ኪሱን ከወፍራም ቆዳ ጫማ ሰፊ በድርብ ስፌት ይሠራዋል፤ የሚቆነጥጠው ላስቲክ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ይቆረጣል፣ ሻካራው ገጽ ወደ ክንዱ ይዙር። ከእንሰት የሚገኘው ቃጫ በሲዳማ ቤት የማይገባበት ሥራ የለም፤ ለዚህ ግን በእጅ የተገመደ ገመድ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የት ላይ እንደሚበጠስ መገመት ያስቸግራል። የተሠራው መወጠሪያ ደጋን ከመንካቱ በፊት ኪሱን ጠንካራ እንጨት ላይ አልብሶ፣ ገመዱን ረግጦ፣ በሙሉ ጉልበት መሳብ ነው። ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ቋጠሮው ከተንሸራተተ ወደ ሰፊው ይመለሳል።

ሪከርቭን ገልብጦ የሚወጥር ጀማሪ ብዙ ነው። አውታሩ ሲወልቅ ጫፎቹ ወደ ፊት እንደተቀለበሱ ይቀራሉ፤ የማያውቅ ሰው በዚያው በኩል አጉብጦ ሊያስረው ይሞክርና ክንዱን ይሰብራል። ባጃጅ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ደጋን ተወጥሮ ስለማይመች፣ ሐይቁ ዳር ለመለማመድ የሚወጣ ሰው በየጊዜው መወጠርና ማላላት አለበት። ማላላቱም በዚያው መሣሪያ ነው፤ በመቀስ አውታሩን መቁረጥ ክንዶቹን ባንዴ ስለሚያስፈነጥራቸው ፈጽሞ አይደረግም። የተወጠረ ደጋን በቀትር ፀሐይ መኪና ውስጥ አይተው፤ ሙቀት የተጣበቁትን ንብርብሮች ያላቅቃል። ገመዱ መሳሳት ወይም መላላጥ ከጀመረ በማግስቱ ሳይሆን ያን ዕለቱን ይቀየር።