ስለ ትዳርና ስለ ውሽማ የሚዘፈኑ ግጥሞች

ባልና ሚስት የተጣሉበትን ነገር በሽማግሌ ፊት መናገር ከባድ ነው። በተለይ ነገሩ ውሽማ ከሆነ በሰማንያ የተጋቡት ንብረት ተካፍለው እስከ መፋታት፣ አልፎም ደም እስከ መፋሰስ ይደርሳል። ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በምን ተናገሩት? በግጥም ነው።

በባላገር ሴት ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ እህል ስትፈጭ ታንጎራጉራለች። ባሏ ሌላ ዘንድ ማደሩን፣ እርሷም በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ መዳሯን በዜማ ታወጣዋለች። አማት ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ «ምን አልሽ?» ብትላት ግን «እንጉርጉሮ ነው» ብላ ታልፋለች። የሞተር ወፍጮ በገባበት አገር ይህ እንጉርጉሮ እየጠፋ ሄዷል። እናቶች ከድካሙ መገላገላቸው ደስ ቢለኝም ግጥሙ ያሳዝነኛል።

በአደባባይ ደግሞ አዝማሪ አለ። ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራውን መሰንቆ ይዞ በሠርግና በጠጅ ቤት ይዘፍናል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። የከፋው ባል ብሶቱን በሌላ ሰው አፍ አሰማ ማለት ነው።

ሰምና ወርቅ ሲገባበት ነገሩ ይጠልቃል። «አልጋ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መኝታም ነው፣ ዙፋንም ነው፤ «አልጋ ወራሽ» የምንለው ለዚህ ነው። አንድ አዝማሪ በሰው አልጋ ላይ ሌላ ተኛበት ብሎ ቢዘፍን (ምሳሌው የራሴ ነው) ሰሙ የተከዳ ባል ነው፤ ወርቁ ግን ሥልጣኑን የተቀማ ንጉሥ ሊሆን ይችላል። ኢጣልያዊው ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እንዲገደሉ ያዘዘው በሕዝቡ መካከል የሚያናፍሱት ቃል አገዛዙን እንዳያናጋ ፈርቶ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ400 ዓመት በፊት ሚስቱ በከዳችው ባል ላይ የሚያላግጡ ዘፈኖች በነጠላ ወረቀት እየታተሙ በገበያ ይሸጡ ነበር። ሻጩ ራሱ እየዘፈነ ነው የሚሸጠው። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ የመንግሥት ሹም (በ1703 እ.ኤ.አ. ሞተ) እንዲህ ያሉ ልዩ ልዩ የዘፈን ወረቀቶችን ከ1,800 በላይ ሰብስቦ ትቷል፤ ዛሬም በካምብሪጅ ተቀምጠዋል። የእነርሱ በወረቀት ስለ ታተመ ተረፈ። የወፍጮው እንጉርጉሮ ግን በብዛት ያለው በእናቶቻችን ትዝታ ውስጥ ነው፤ እነርሱም እዚህ ጅቡቲ ከተማ አብረውን አሉ።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ እናታችሁን ወይም በጎረቤት ያሉ ትልቅ ሴት ጠይቃችሁ ሁለት ሁለት ስንኝ በደብተራችሁ ጻፉ። የወፍጮም ሆነ የሠርግ ይሁን። የማን ባል እንደ ሆነ ግን አትጠይቁ፤ ስምም አትጻፉ።