መድኃኒቱን ቀየርን ስንል እውነት ቀይረናል?

ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎ ወይም ሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ካለ ይህቺን እስከ መጨረሻው አንብቧት።

ከአምቦ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ምሥራቅ ወለጋ ያስገባል። የማንጎ ነጭ ስኬል የሚባለው ተባይ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010። ቅጠሉ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ተለጥፎ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ፍሬውንም ያበላሻል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ይረጫል። አልሞት ሲለው መጠኑን ጨምሮ ይረጫል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

"ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው" እንላለን እንጂ አንዱ ተባይ መርዝ አይለምድም። እንበልና ዛፉ ላይ 1,000 ተባይ አለ፤ 2ቱ ከተፈጥሯቸው መርዙን የሚቋቋሙ ናቸው። ስንረጭ 998ቱ ይሞታሉ፤ የተረፉት 2ቱ ይራባሉ፤ ልጆቻቸውም እነሱን ይወርሳሉ። ያንኑ መድኃኒት በደጋገምን ቁጥር ለተባዩ ምርጥ ዘር እየመረጥንለት ነው ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሜላንደር በዋሽንግተን ግዛት የፍራፍሬ ዛፎች ላይ ያለ የስኬል ተባይ የኖራና የድኝ ርጭት አልበግረው እንዳለ የጻፈው በ1914 ነው።

እኛም አገር በወባ ትንኝ አይተነዋል። ለዓመታት ቤት ለቤት የተረጨውን ዲዲቲ ትንኟ ስትቋቋመው በዴልታሜትሪን ተተካ። ሁለቱ ግን የሚመቱት ያንኑ የነርቭ ክፍል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ዴልታሜትሪንም አቅም አጣ። ስሙ ተቀየረ፣ አመታቱ ግን ያው ነበር።

ፍራፍሬ ላይም እንደዚሁ ነው። ማላታዮን ትታችሁ ዳያዚኖን ብትገዙ አልቀየራችሁም፤ ሁለቱም የሚገድሉት በአንድ መንገድ ነው፤ ምድባቸውም 1ቢ ነው።

ምን ይደረግ?

✅ ጠርሙሱ ላይ ከንግድ ስሙ ይልቅ በውስጡ ያለውን ኬሚካልና የምድብ ቁጥሩን እዩ። ስትቀይሩ ምድብ ቀይሩ።
✅ የመለያውን ፎቶ አንሡ፤ የተረጨበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።
✅ የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ዛፉ ሲሳሳ ርጭቱም በደንብ ይደርሳል።
✅ ተባይ የሚበሉትን ነፍሳት አትፍጁ፤ በየሳምንቱ መርጨት እነሱን ይጨርሳል።
✅ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ የሱን ርጭት ተቋቁሞ የተረፈው ተባይ ነገ እናንተ ዛፍ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። እርሻ ላይ ላሉ ቤተሰቦቻችሁም አድርሱላቸው።