ሁለተኛው ናዳ፦ ከበረዶ ተዳፋት የሞት ጥናት ለወላይታና ለጎፋ ኮረብቶች ምን ይወሰዳል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት ናዳ በአገራችን ከተመዘገቡት የዚህ ዓይነት አደጋዎች እጅግ የከፋው ነው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የ3 ቀን ብሔራዊ የሐዘን ጊዜ ዐውጇል። በ14ኛው ቀን፣ ሐምሌ 29፣ በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ሕፃናት የሚገኙባቸውን ቢያንስ 11 ሰዎች ገደለ።

የጎፋውን አደጋ ከሌሎች የሚለየው የሟቾቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የአሟሟታቸውም ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ናዳ የቀበረው ጥቂት ቤተሰቦችን ነበር። ኡኡታውን ሰምተው የተሰበሰቡት ጎረቤቶች፣ ከእነርሱም ጋር መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ረዳቶቹን ከተረጂዎቹ ጋር ቀበራቸው። በማግስቱ ይፋ የተደረገው የ229 ሟቾች ዝርዝር 148 ወንዶችንና 81 ሴቶችን የያዘ ነበር። ናዳው በቤት የተቀመጠውን ቤተሰብ ብቻ ያገኘ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ይህን ያህል ልዩነት መታየት ባልነበረበት። በእኔ ግምት ልዩነቱ ለመርዳት የሮጠው ማን እንደሆነ ያመለክታል።

እንዲህ ያለውን ሞት ለመረዳት የሚያግዘው የዳበረ ጥናት የሚገኘው ከአካባቢያችን ርቆ፣ በበረዶ ላይ በስኪና በስኖውቦርድ ሲንሸራተቱ ስለሚሞቱ ሰዎች በተጻፈው የሕክምናና የተራራ ሳይንስ ውስጥ ነው። ስኪ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምናልባት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪንና በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ በተወዳደረው በሮቤል ተክለማርያም ነውና ንጽጽሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በበረዶ ናዳ የሚቀበረው ሰው ብዙውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ የተቀበረበት ደቂቃ ይታወቃል፤ የወጣበትም ደቂቃ ይመዘገባል። ስለዚህ ሰው ተቀብሮ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደሚቆይ በሰዓት ተለክቶ የታወቀው በዚያ ነው።

በስኪ የሚደርሰው ሞት ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛው በተዘጋጁ መንሸራተቻዎች ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ከዛፍ ወይም ከሌላ ሰው ጋር በመጋጨት የሚደርሰው ነው። በአሜሪካ በአንድ የክረምት ወቅት በአማካይ 40 ገደማ ሰዎች እንዲህ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። ይህ የመንገድ ትራፊክ አደጋን የሚመስል ጉዳይ ነውና እዚህ ላይ አልቆይበትም። ሁለተኛው ከተዘጋጁት መንሸራተቻዎች ውጭ በበረዶ ናዳ የሚደርሰው ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች በዓመት በአማካይ 100 ያህል ሰው ይሞትበታል። ናዳው ስኪ ተንሸራታቾችን ከገደለባቸው አደጋዎች ከ10ሩ በ9ኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም ከቡድኑ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ማርኩስ ፋልክ፣ ሄርማን ብሩገርና ባልደረቦቻቸው በስዊዘርላንድ የተቀበሩ ሰዎችን መዝገብ መርምረው ያወጡት ውጤት ለዚህ መስክ መሠረት ሆኗል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት 92 በመቶ ያህሉ በሕይወት ተገኝተዋል። 35 ደቂቃ ሲሞላ ግን በሕይወት የመገኘት ዕድል ወደ 30 በመቶ ያሽቆለቁላል። ሁለቱን ነጥቦች በሚያገናኘው መሥመር ላይ ያለው ቁልቁለት የመታፈን ምዕራፍ ነው። በበረዶ ናዳ ከሚሞቱት መካከል አብዛኞቹን የሚገድላቸው ብርዱ አይደለም፤ የመመታት ጉዳትም ድርሻው ከመታፈን ያንሳል። የሚገድላቸው አየር ማጣት ነው።

ይህ ኩርባ ለአፈር ናዳ እንዳለ አይሠራም፤ የሚያጋድለውም ወደ ባሰው ወገን ነው። ወርዶ የተከማቸ የበረዶ ናዳ በ1 ሜትር ኩብ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ በውኃ የራሰ የሸክላ አፈር ከ1,800 እስከ 2,000 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በበረዶው ቅንጣቶች መካከል አየር አለ፤ በጭቃው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጭቃ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ካሬ ላይ 2 ቶን ገደማ ስለሚጭን፣ የተቀበረው ሰው አፉና አፍንጫው ነጻ ቢሆኑ እንኳ ደረቱን ማስፋት አይችልም። ልዩ ሁኔታ የሚሆነው የቤት ምሰሶና ማገር ተደግፎ ባዶ ቦታ ሲፈጠር ነው፤ ከቀናት በኋላ በሕይወት የሚወጡ ሰዎች ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ከወላይታ ሶዶ፣ ከሳውላ ወይም ከአዲስ አበባ የሚነሣ የነፍስ አድን ቡድን በክረምት መንገድ በ15 ደቂቃ ተዳፋቱ ላይ ሊደርስ አይችልም። ሊደርስ የሚችለው አካፋና ዶማ ይዞ የሚሮጠው ጎረቤት ብቻ ነው። በአልፕስ የሚገኙ የነፍስ አድን ድርጅቶች ሄሊኮፕተርና የሠለጠነ ውሻ እያላቸው እንኳ ተንሸራታቾቹ የመፈለጊያ መሣሪያ፣ መወጊያ ዘንግና አካፋ ራሳቸው እንዲይዙ የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም በጎፋ ሞትን ያበዛው የዚሁ ጎረቤት መሰብሰብ ነበር።

ይህ በጎፋ ብቻ የደረሰ አይደለም። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. በቱርክ፣ በቫን አውራጃ በባህቼሳራይ አቅራቢያ በመጀመሪያው የበረዶ ናዳ 5 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ የጠፉትን ፍለጋ በርካታ የነፍስ አድን ሠራተኞች በቦታው ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ አጠቃላዩን የሟቾች ቁጥር ወደ 40 ገደማ አደረሰው። የሠለጠኑ ባለሙያዎችም ከዚህ ወጥመድ አላመለጡም ማለት ነው።

ሁለተኛው ናዳ ለምን ይመጣል? ተዳፋት የሚቆመው አፈሩ በሥሩ ባለው ጠንካራ ንብርብር ላይ በሚያገኘው ሰበቃና በእርስ በርስ ቁርኝቱ ነው። ዝናብ ሲበዛ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ከፍ እያለ የቅንጣቶቹን መተሻሸት ያላላል፤ በዚያው ልክ የአፈሩ ክብደት ይጨምራል። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ የቀረውን መሬት እግሩን ይቆርጠዋል። ቀድሞ ገደላገደል ያልነበረው ገጽ ገደል ይሆናል፤ ከበላዩ የተሰነጠቀው መሬትም የዝናቡን ውኃ በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ናዳ መውረዱ አደጋው ማለፉን አያመለክትም። ምናልባትም ቦታው ከዚያች ሰዓት ይልቅ ይበልጥ አስጊ የሆነበት ጊዜ የለም።

ለነዋሪው “አትቅረብ” ማለት ከንቱ ምክር ነው። ልጁ የተቀበረበትን ሰው ማንም በትእዛዝ አያቆመውም፤ ደግሞም በሰዓቱ ሒሳብ መሠረት ካልቀረበ የሚተርፍ የለም። በበረዶ ተዳፋት ላይ የተለመደው አሠራር ከዚህ የተሻለ መካከለኛ መንገድ ያሳያል። በናዳው መውረጃ ላይ የሚገቡት ቆፋሪዎች ጥቂት ይሆናሉ፤ በየተወሰነ ጊዜም ይቀያየራሉ። አንድ ሰው ወደ ጎን፣ ከፍ ብሎ በማያሰጋ ቦታ ቆሞ የላይኛውን ተዳፋት ብቻ ይመለከታል፤ ምልክት ሲሰጥ ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ይነገራል። ሽሹ የተባለው ወደ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን ነው። የቀረው ሕዝብ፣ አልቃሹም ተመልካቹም ጭምር፣ ከመውረጃው ውጭ ይቆያል። በጎፋ ከ200 በላይ ሰው የሞተው 200 ሰው መቆፈር ስላስፈለገ አልነበረም፤ ጥቂት ቤቶችን ለመቆፈር በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው ሰው ቁጥር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን ሥርዓት ማን ያስፈጽመዋል የሚለው ለኪንዶ ዲዳዬ ዓይነት ወረዳዎች ዋናው ጥያቄ ይመስለኛል። በኦሞ ሸለቆ አፋፍ ላይ እንሰትና በቆሎ የሚያለማው ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነውና ተዳፋቱን ትቶ እንዲሄድ በቀላሉ አይጠየቅም። ፖሊስ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ከላይ በተጠቀሰው ሒሳብ የተነሣ አያዋጣም። በየቀበሌው ያለ፣ ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክልና ማን መቃብር እንደሚቆፍር ከወዲሁ የደለደለ ተቋም ግን አለ፤ ዕድር። ከመቃብር ቆፋሪው ድልድል ጎን ለጎን በናዳ ጊዜ ማን እንደሚቆፍርና ማን ተዳፋቱን እንደሚጠብቅ መመደብ ለዕድር እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ጠባቂው የሚያያቸው ምልክቶችም ለገበሬው አዲስ አይደሉም፦ በማሳ ላይ የሚሰፋ ስንጥቅ፣ በድንገት የሚደፈርስ ወይም የሚደርቅ ምንጭ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ ያለ ምክንያት የማይዘጋ የቤት በር። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ከእንዲህ ያለ ምልክት አልፈው እያንዳንዱን ሸለቆ በአደጋ ቀጠና ከፋፍለዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በኦስትሪያዋ ጋልቲዩር መንደር የወረደው የበረዶ ናዳ ያለ ስጋት ይታዩ የነበሩ ቤቶችን ሳይቀር መትቶ 31 ሰዎች ገድሏል፤ ካርታውም ከዚያ በኋላ እንደገና ተሠርቷል።

ለሶዶና ለአርባ ምንጭ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ከዚህ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የፋልክና የብሩገር ኩርባ የተሠራው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ሰውየው የተቀበረበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ሲወጣ በሕይወት መኖር አለመኖሩ። በደቡብ ኢትዮጵያ ናዳዎች እነዚህን ሦስቱን፣ ሲጨመርም የተቀበረበትን ጥልቀትና ቤት ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑን፣ በሕይወት ከተረፉና ከቆፈሩ ሰዎች ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል። የምስክሮቹ ትዝታ ከመደብዘዙ በፊት በአንድ ክረምት ሊከናወን የሚችል የመስክ ሥራ ነው።