ሁለት ጄሪካን ውሃ ስንት ዓሣ ያኖራል?

ሻጩ «ይሄ ገንዳ 54 ሊትር ነው» ሲል አልዋሸም፤ የለካው ግን መስታወቱን እንጂ ውሃውን አይደለም። 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሲባዛ በርግጥ 54 ሊትር ይመጣል። ከሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይነጠፋል። ከአፉ ደግሞ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ አለዚያ አንድ ማለዳ ዓሣው ዘሎ ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። የሚተርፈው 40 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጄሪካን ነው። «ስንት ዓሣ ልግዛ?» የሚል ሰው መነሻው እነዚህ ሁለት ጄሪካኖች ናቸው።

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ትናንሽ ጎልድፊሾችን ከአንድ የውሃ ተክል ጋር በመስታወት ዕቃ አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ሲበላ ውሃው መልሶ ጠራ። ኬሚስቱ የጀመረው በሁለት ዓሣ መሆኑን ልብ ይሏል። እኔ ግን በአሥራ ሁለት ጀመርኩ። ገንዳውን ቅዳሜ ሞላሁ፣ ዓሦቹን እሑድ ጨመርኩ፣ በሳምንቱ አራት ቀሩኝ። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ስለነበር ምን እንደገደላቸው ሊገባኝ አልቻለም።

የገደላቸው አሞኒያ ነው። ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያ አብዛኛው በስንጥቡ በኩል ይፈሳል፤ በዓይን አይታይም። የሚያጸዱት በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ይህም መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል፤ ናይትሬት በጣም ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል። እነዚህ ሠራተኞች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። የእኔዎቹ ዓሦች የገቡት አንድም ሠራተኛ ሳይቀጠር ነው። ሁለት ሦስት ዓሣ አስገብቶ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቆ፣ ሌላ ሁለት ሦስት መጨመር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ ማጠብ አይገባም፤ ክሎሪኑ ሠራተኞቹን ይፈጃል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

አሜሪካኖች ለቁጥሩ አንድ የታወቀ ደንብ አላቸው፤ ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ ኢንች ዓሣ። ወደ እኛ መለኪያ ሲመጣ ለአራት ሊትር ያህል ውሃ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዓሣ መሆኑ ነው። በዚህ ደንብ 40 ሊትሩ አሥር ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ወይም አንድ ባለ 25 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ይይዛል። የመጀመሪያው ያስኬዳል። ሁለተኛው ግን ቀልድ ነው፤ ርዝመቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ወርዱም ውፍረቱም አሥር እጥፍ ስለሚሆን ክብደቱ ወደ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። ሃያ ጫጩት ተሰልፎ የአንድ በሬ ርዝመት ስላለው፣ ቀለቡም እዳሪውም ከበሬ ጋር እኩል ነው እንደማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደንቡን አዲስ አበባ ላይ መጠቀም ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ የሚፈላብን፣ ባቄላው አልበስል የሚለን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ያው ግፊት ነው ኦክስጅንን ወደ ውሃ የሚያስገባው። በባሕር ዳርቻ ከተማ 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ከ6 ብዙም አያልፍም። ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ማንኛውም የዓሣ ቁጥር እዚህ ሲደርስ ቢያንስ ሩቡ ይቀነስለት።

የገንዳው ቅርጽም አለ። ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ውሃ በእንስራና በገበቴ ቢቀመጥ፣ የገበቴው ውሃ ይበልጥ ይተነፍሳል። ጠረጴዛ ላይ የሚያምረው ድቡልቡል ብርጭቆ እንስራ ነው። ገንዳው መጨናነቁን ለማወቅ ማለዳ መብራት ሳይበራ ማየት ነው፤ ተክል ካለ እሱም ሌሊቱን ኦክስጅን ሲሻማ ያድራል። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ለጥፈው የሚከፍቱ የሚዘጉ ከሆነ ኦክስጅን አጥሯቸዋል። ቤታ የሚባለው ዓሣ ግን በዚህ አይለካም። እንደኛው አምባዛ እሱም ከላይ አየር መሳብ ይችላል።

ደግሞ መብራት ይጠፋል። ፊልተሩ ከቆመ ገንዳው የሚተነፍሰው በረጋ ገጹ ብቻ ነው፤ ጥቂት ዓሣ ያለበት ገንዳ ሌሊቱን ይችለዋል፣ የታጨቀው አይችለውም። ውሃም በፈረቃ ነው። 40 ሊትሩ በየሳምንቱ ሩቡ፣ ማለትም ግማሽ ጄሪካን፣ መቀየር አለበት፤ የሚተካውም ውሃ ክሎሪኑ እንዲበንን አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። ዓሣው ሲበዛ ግማሹ ጄሪካን ሙሉ ይሆናል። ለቤተሰቡ የሚጠጣ ውሃ በሚቆጠርበት ሳምንት ለዓሣ ስንት ጄሪካን ይሰጣል? ለእኔ ከኢንችና ከጋሎን ይልቅ ትክክለኛው መለኪያ ይሄ ነው።

ጋፒ የሚባለውን ዓሣ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ራሱ አይወስንም። ሴቷ በየወሩ ገደማ ሃያ ሠላሳ ጫጩት ትወልዳለች፤ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ብቻዋን ተገዝታም ትወልዳለች። መቁጠር የሚፈልግ ወንዶቹን ብቻ ይግዛ፤ ቀለሙም ያለው እነሱ ላይ ነው።

ጎልድፊሽ ከሁሉ ያሳዝነኛል። ማሞቂያ አይፈልግም፣ የአዲስ አበባ ሳሎን ይስማማዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ይገዛዋል። ሲገዛ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ተራው ዓይነት ሲያድግ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስና ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። «ዓሣ በገንዳው ልክ ነው የሚያድገው» የሚሉ ሻጮች አሉ። ዓሣው የሚቀጭጨው ውሃው ስለቆሸሸበት ነው፤ የቀጨጨም ዕድሜው አጭር ነው። ማንኛውም ዓሣ የሚቆጠረው በሱቁ ቁመቱ ሳይሆን አድጎ በሚደርስበት ቁመት ነው።

እንግዲህ ለሁለቱ ጄሪካን የእኔ ቁጥር ይህ ነው። ፊልተርና ማሞቂያ ካለው፣ በመንጋ መኖር የሚወደው ኒዮን ቴትራ ከስድስት እስከ ስምንት፤ ወይም አምስት ወንድ ጋፒ፤ ወይም ብቻውን አንድ ቤታ። ጎልድፊሽ፣ አንድም አይገባም።