አልከፈት ስላለ የቮልስዋገን ክዳንና ስላበጠ የበር ልባስ

ቮልስዋገን የምትባለው፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» የሚላት ክብ አውቶሞቢል በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ መታየት ከጀመረች ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። የዚህችው የጥንቷ ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ እስከዚያች ቀን ድረስ በዓለም ላይ የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልተሠራችም፤ ስለዚህ ዛሬ በአገራችን የምትሄደው ቮልስ ሁሉ አሮጌ ናት ማለት ነው። በሌላም በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ግብር የጣለ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። እንግዲህ ባለ ቮልስ የሆነ ሰው ያለችውን ጠግኖ ከመያዝ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም።

ይህን ጥናት እንዳደርግ ያነሣሣኝ በአጎቴ መኪና ላይ የደረሰው ነገር ነው። የአጎቴ ቮልስ በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ለቀብር ወደ ደብረ ሲና ስንሄድ ቤንዚን ልንቀዳ ደብረ ብርሃን ላይ ቆምን። በዚያን ዘመን የተሠራች ቮልስ የቤንዚን ታንኳ አፍ የሚገኘው ከፊት ክዳን ሥር ነው፤ ከውጭ በጎን በኩል መቅጃ የተደረገላት ከ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው። አጎቴ ከመሪው ሥር ያለውን መሳቢያ እጀታ ሳበ፤ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። እንደገና በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና እጀታው ከነሽቦው ቁራጭ በእጁ ላይ ቀረ። ቀጂው ጎማውን እንደያዘ ቆሞ ያየናል፤ ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ቤንዚን በአጠገባችን ሞልቶ ሳለ የምናስገባበት አጥተን መኪናዋን ገፍተን ከዳር አቆምናት። ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሌላ መኪና አግኝተን ስንደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘነው።

ከዚህ በኋላ ነው በመርካቶ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ እየተመላለስኩ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በቮልስ ሥራ ላይ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሲሠሩ ለማየትና ለመጠየቅ የቻልኩት። ረዳቶቻቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። የጋራዡ ቋንቋ ጣልያንኛ የተቀላቀለበት መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ሞላ፣ ማስቲሽ ሳይባል ሥራው አይነገርም። እኔም በዚህ ጽሑፍ እንዳለ ተጠቅሜበታለሁ፤ ሌላ ስም ብናወጣለት ሠሪው ራሱ አይገባውም።

የመቆለፊያው አሠራር ቀላል ነው። ከክዳኑ ሥር ወደ ታች የወጣ አንገቱ የቀጠነ አጭር ዘንግ አለ። ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ያለው መቀበያ በብሎን ታስሯል፤ በውስጡም በሞላ የሚገፋ ምላስ አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ምላሱም አንገቱን ይይዘዋል። እጀታው ሲሳብ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ምላሱን ወደ ጎን ይስበውና ዘንጉ ነፃ ይሆናል፤ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ሞላም ክዳኑን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ለጥንቃቄ የተደረገ ሁለተኛ መያዣ አለ፤ እርሱ ከውጭ በእጅ ይለቀቃል።

እንግዲህ ክዳኑ እምቢ ሲል ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ሽቦውን ነው። ጋሼ ግን ሽቦው ብዙውን ጊዜ ተበዳይ ነው ይላሉ። በደሉ የሚጀምረው ከምላሱ ላይ ነው። የበጋው አቧራ ከአሮጌው ግሪስ ጋር ተቀላቅሎ በምላሱ መንሸራተቻ ውስጥ እንደ ጭቃ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ርጥበቱ ያዝገዋል። ምላሱ በከበደ መጠን እጅ አብዝቶ ይስባል፤ ሽቦውም ከቱቦው በሚወጣበት እጥፋት ላይ እየተፈተገ ይሳሳል። ይህ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። እጀታው ከወትሮው ይከብዳል፤ ሲለቁትም በራሱ ወደ ቦታው አይመለስም። አጎቴን ብጠይቀው ከታኅሣሥ ጀምሮ ከብዶት እንደነበረ፣ «የመኪናዋ እርጅና ነው» ብሎ እንደተወው ነገረኝ። ሌላው ምክንያት ግጭት ነው። አፍንጫዋ ተመትቶ ባቲላሜራው ሲያቃናው ክዳኑ ጥቂት ወደ ጎን ሄዶ ከቀረ፣ ዘንጉ በቀዳዳው መካከል ሳይሆን በጠርዙ ይገባና ምላሱን አጥብቆ ይይዘዋል።

ሽቦው ሳይበጠስ ክዳኑ እምቢ ካለ መፍትሔው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ከመቆለፊያው በላይ ባለው የክዳኑ ጫፍ ላይ በሁለት መዳፉ ተደግፎ ወደ ታች ይጫናል፤ ሁለተኛው ያን ጊዜ እጀታውን በዝግታ ይስባል። ክዳኑ ሲጫን ዘንጉ ከምላሱ ላይ ግፊቱን ያነሣለታል፤ ምላሱም ይንሸራተታል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ብናውቅ ኖሮ እኔ ተጭኜ አጎቴ በሳበ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያሳዩኝ የተሰማኝን ቁጭት መግለጽ አያስፈልግም።

ሽቦው የተበጠሰው ከእጀታው አጠገብ ከሆነም ችግሩ ቀላል ነው። የቀረውን ጫፍ በፒንሳ ይዞ፣ ሌላው ሰው ክዳኑን እየተጫነ መሳብ ይበቃል። ጭንቁ የሚመጣው እንደ እኛ ከመቆለፊያው አጠገብ ሲበጠስ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ትልቅ ካቻቢቴ ወይም ፌሮ በክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ይፈለቅቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው መቆለፊያውን ሳይከፍት ክዳኑን ያጣምማል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ የማያስገባ አድርጎ መግጠም የባቲላሜራ የሁለት ቀን ሥራ ይሆናል።

ጋሼ የሚሠሩት በልኬት ነው። በመጀመሪያ ተመሳሳይ ዘመን የሆነች ሌላ ቮልስ ክዳኗ ተከፍቶ ይቆማል፤ ምላሱ ከክዳኑ ጠርዝና ከመካከለኛው መሥመር ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ በሜትር ይለካል። ልኬቱ በተዘጋችው መኪና አፍንጫ ላይ በጠመኔ ይሠመራል። ከዚያም ቀጭን ካቻቢቴ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተበስታ ምላሱ በካቻቢቴው ጫፍ ወደ ጎን ይገፋል። ቀዳዳዋ በኋላ በጎማ መድፈኛ ትደፈናለች፤ ሲዘንብም ውኃ አታስገባም። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ከመቆለፊያው ኋላ መለዋወጫ ጎማው፣ ከእርሱ ኋላ ደግሞ የቤንዚን ታንኳው ነው። አሮጌ ታንኳ የክዳኑ ጎማ ስለሚደርቅ ትነት ያወጣል፤ ትነቱም በተዘጋው ክዳን ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጋሼ ለዚህ ሥራ የኤሌክትሪክ መብሻ አያስነኩም፤ በእጅ የሚዞረውን ይጠቀማሉ፤ የሚበሳውንም ቦታ ዘይት ይቀቡታል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የፊት ክዳኑ ቢዘጋም ሊፈታ ይችላል፤ እርሱም አስቀድሞ ይፈታል። በሥራው ላይ ሳሉ ከበር ላይ ሲጋራ ይዞ የቆመን አንድ ደንበኛ በቁጣ ሲያባርሩት አይቻለሁ።

ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ አዲስ ሽቦ ከተው ቢዘጉት ነገሩ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። መቀበያው ተፈትቶ በላምባ ይታጠባል፤ ምላሱ በጣት ተገፍቶ በሞላው ኃይል ብቻ እስኪመለስ ድረስ ይጸዳል፤ ከዚያ በስስ ዘይት ይቀባል። ግሪስ በብዛት መጠቅጠቅ አቧራ መጥራት ነው። ዘንጉም በካቻቢቴ እየዞረ ሊረዝምና ሊያጥር ይችላል፤ በጣም ሲያጥር ምላሱን ያጨናንቃል፣ ሲረዝም ክዳኑ ያንኳኳል። ሁሉ ነገር ከተሠራ በኋላ ክዳኑ ወዲያው አይዘጋም። በቅድሚያ የካቻቢቴ ጫፍ እንደ ዘንግ ሆኖ ወደ መቀበያው ይገባና ምላሱ ሲይዘው እጀታው ይሳባል። ምላሱ ካልለቀቀ ስሕተቱ የሚታወቀው ክዳኑ ክፍት ሳለ ነው።

በመጨረሻም ከምላሱ ላይ አንድ ሁለተኛ ቀጭን ሽቦ ታስሮ በስውር ወደ ፓራፋንጎው ሥር ይወርዳል። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ለዚህ ይበቃል። የመጀመሪያው ቢበጠስ በዚህ ይከፈታል። ጫፉ ለሌባ እንዳይታይ በጭቃ ቢለወስ መልካም ነው፤ የአጎቴ ያለበትን ቦታ ከአጎቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ወደ በሩ እንለፍ። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት በኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሩን በጉልበቱና በጫማው እየገፋ ይገባል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ እርሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ጎንበስ ማለት ግድ ሆኖባቸዋል። የበሩ ልባስ ከታችኛው ጠርዙ ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ይመስላል። እኔም እንዲሁ አምኜ ነበር።

ሆኖም የአጎቴ መኪና ልባስ በሁለቱም በር እኩል አብጦ ነበር፤ በሾፌሩ በኩል ግን ወደ ኋላ የሚገባ ሰው የለም። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ አንድ ኩባያ ውኃ በተዘጋው መስተዋት ላይ ከውጭ አፈሰሱና ጎንበስ ብለው የበሩን ሥር ተመለከቱ። አንድም ጠብታ አልወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዝናብ ከመስተዋቱ ጎማ አልፎ በበሩ ሆድ ውስጥ መግባቱ የማይቀር ነው። የበሩ ሠሪ ይህን ስላወቀ ከታች ትናንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ትቶለታል። እነዚህ ቀዳዳዎች በጭቃና በዝገት ሲደፈኑ ውኃው በሆዱ ውስጥ ይቆማል። ልባሱ ደግሞ ከታመቀ የእንጨት ገለባ የተሠራ ሰሌዳ ላይ የተለበጠ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ሰሌዳው ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይመጣል፣ ያብጣል፣ ክሊፖቹም ከቀዳዳቸው ይዘላሉ። ጫማ የሚጨርሰው ውኃ ያለሰለሰውን ነው።

ልባሱን ለማውጣት የመስተዋቱ ማዞሪያ መፈታት አለበት። በአሮጌዎቹ ላይ ከማዞሪያው ሥር ያለው ክብ ሰሌዳ ወደ ውስጥ ሲጫን ትንሽ ፒን ትታያለች፤ በምስማር ተመትታ ትወጣለች። በኋለኞቹ ላይ ብሎን ነው። ከዚያ ሰፊና ደነዝ ቢላዋ ከክሊፖቹ አጠገብ እየገባ አንድ በአንድ ይነቅላቸዋል። በእጅ ጎትቶ ማውጣት ክሊፑን ከነሰሌዳው ቁራጭ መገንጠል ነው። አሮጌው ሰሌዳ፣ ቢበሰብስም፣ አይጣልም፤ አዲሱ የሚቆረጠው በእርሱ ልክ ነው። አዲሱ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን ይበቃል። ከዚህ የወፈረ ኮምፔንሳቶ ጠንካራ ነው ተብሎ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ክሊፑ ግን አይደርስለትምና በኋላ በብሎን ይቸነክሩታል፤ በሩም የሣጥን በር ይመስላል።

ማስቲሹ በሰሌዳውም በቆዳውም ላይ ስስ ሆኖ ይቀባና በእጅ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪመስል ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው የሚጋጠመው። በዚህ መካከል የበሩ ሥር በሽቦ ይጠረጋል፣ ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ የኩባያው ውኃ እንደገና ይፈሳል፤ ውኃው በሥር ካልወረደ ልባሱ አይገጠምም። በበሩና በልባሱ መካከል የላስቲክ መጋረጃም ይለጠፋል። የመጋረጃው የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ወደ ውጭ ከቀረ ውኃውን እየመራ በቀጥታ ለአዲሱ ሰሌዳ ያስረክበዋል።

የአጎቴን የሾፌር በኩል በር በዚህ ዓይነት በሐምሌ ሠራን። ሁለተኛውን ግን ጋሼ አሻፈረኝ አሉ፤ በክረምት የተለጠፈ ማስቲሽ ርጥበት ይዞ ይቀራልና ከመስቀል በኋላ አምጡት ብለውናል።