ብረት ሲነሳ የሚነድ ፊት፦ ስፖርትና ሮዛሲያ

ብረት የሚያነሳ ሰው ጡንቻው ከሚያቃጥለው ኃይል ለሥራው የሚውለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ ከሰውነትም መውጣት አለበት። መውጫው ቆዳ ነው። አንጎል የቆዳን ደም ሥሮች አስፍቶ የጋለውን ደም ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ላብ እጢዎችንም ያሠራል። በዕረፍት ሰዓት ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም በደቂቃ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ኃይለኛ ሙቀት ሲመጣ ግን እስከ 7 ወይም 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የመኪና ራዲያተር የሚሠራውን ሥራ በሰው ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ፊት ላይ ደግሞ ደም ሥሮቹ ብዙ ናቸው፤ ከቆዳው ገጽም አይርቁም። ስለዚህ ግለቱ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ልምምዱን ጨርሶ ላቡ ሲደርቅ የፊቱም ግለት አብሮ ይበርዳል። ሮዛሲያ ያለበት ሰው ግን ፊቱ ለሰዓታት ሊነድ ይችላል። ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ ግንባሩና አገጩ ይቆጠቁጡታል፤ አንዳንዴም ብጉር የሚመስል ሽፍታ ይከተላል። ሮዛሲያ የፊትን መካከል የሚያጠቃና ለዓመታት የሚቆይ የቆዳ ብግነት ነው። ዓይንንም ሊያቀላና ሊያሳክክ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ፊትን ካለመታጠብም አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

በጠይም ፊት ላይ የሚደበቅ ቅላት

የሕክምና መጻሕፍት ሮዛሲያን ሲያሳዩ የኖሩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በቆዳው ቀለም ስለሚሸፈን በሽታው ሳይታወቅ ይቆያል፤ ሕክምናውም ይዘገያል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከመስታወት ይልቅ ስሜትን ማመን ይሻላል። ፊት በፀሐይ፣ በእሳት ዳር ወይም በስፖርት ጊዜ በተደጋጋሚ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሳሙናና ቅባት የሚቆጠቁጠው ከሆነ፣ ሽፍታውም እንደ ወጣት ብጉር ጥቁር ጫፍ ከሌለው ሮዛሲያን መጠርጠር ያስኬዳል። ንጹሕ ብርጭቆ ጉንጭ ላይ ጫን አድርጎ ማየትም ይረዳል። ቀለሙ ከብርጭቆው ሥር ፈዝዞ ብርጭቆው ሲነሳ ከተመለሰ፣ የታየው የሰፋ ደም ሥር ነው።

በሀገራችን እንዲህ ያለው ግለት ብዙ ጊዜ «ምች መታኝ» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽበታል። ቅጠሉን ፊት ላይ ማሸት ብቻውን የተቆጣ ቆዳን የባሰ ሊያስቆጣ ይችላል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ወላይታ ዞን ውስጥ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ እንደሆነችው ቤሌ ባሉ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያዘቀዝቁ አካባቢዎች ወባ አለ። ፊት ግሎ ብርድ ብርድ ካለ፣ ራስ ካመመ፣ መገጣጠሚያ ከቆረጠመ ጥፋቱን በስፖርቱ ላይ ከመጣል በፊት የወባ ምርመራ ማድረግ ግድ ነው። ሮዛሲያ ትኩሳት አያመጣም።

ዳጣውና እሳቱ የሚገናኙበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ የነርቭ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን አገኙ። ፕሮቲኑ ከ43 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይነሣል፤ በሚጥሚጣና በበርበሬ ውስጥ ባለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር፣ በካፕሳይሲንም እንዲሁ። ጁሊየስ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. የ2021 የሕክምና ኖቤልን ከአርደም ፓታፑሽያን ጋር ተጋርቷል። ሮዛሲያ ያለበት ቆዳ ላይ እንዲህ ያሉ ሙቀት ጠቋሚ ፕሮቲኖች በዝተውና ቁጡ ሆነው ይገኛሉ። ሌላውን ሰው የማይነካ ሙቀት እነሱን ይቀሰቅሳቸዋል፤ ነርቮቹም ደም ሥር የሚያሰፉና ብግነት የሚጠሩ ኬሚካሎችን ይለቃሉ።

በአሜሪካ 1,066 ሕሙማን በተጠየቁበት አንድ የዳሰሳ ጥናት 81 በመቶዎቹ ፀሐይ፣ 79 በመቶዎቹ ጭንቀት፣ 75 በመቶዎቹ ሞቃት አየር፣ 56 በመቶዎቹ ከባድ ስፖርት፣ 45 በመቶዎቹ ደግሞ ቅመም የበዛበት ምግብ ፊታቸውን እንደሚያባብስ ተናግረዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ፀሐይ፣ ሞቃት አየርና ስፖርት የሚጋሩት ነገር ሙቀት ነው። በአንድ ቀን ሲደራረቡም ጉዳታቸው ይደመራል። በመስከረም ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ቁርጥ በሚያቃጥል ዳጣ በልቶ፣ ትኩስ ቡና ደግሞበት፣ በቀትር ብረት ለማንሳት የሚነሣ ሰው ቅመሙን፣ የቡናውን ትኩስነትና የቀትሩን ስፖርት በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ጭኗል ማለት ነው።

ቡና ግን ያለ ጥፋቱ መወቀስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆናታን ዊልኪን የተባለ ተመራማሪ ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ውኃ፣ የቀዘቀዘ ቡናና ካፌይንን ለየብቻ ፈትኖ ፊት የሚያቀላው ካፌይኑ ሳይሆን ትኩስነቱ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ82,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናትም በቀን አራት ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በሮዛሲያ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አቦሉን መተው አያስፈልግም፤ በረድ እስኪል መጠበቅ ይበቃል።

ትንፋሽ ሲያዝ

ክብደት ማንሳት ከሩጫ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ከባድ ብረት የሚገፋ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሆዱንና ደረቱን ያፍናል። ያን ጊዜ የደም ግፊቱ ይወነጨፋል፤ ከራስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም መንገዱ ይጠብበታል። ፊቱ የሚያብጥ፣ የአንገት ሥሩ የሚገተረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳ ተመራማሪዎች ብረት አንሺዎችን በሁለት እግር ከባድ ጭነት ሲያስገፉ የደም ግፊታቸውን ደም ቧንቧ ውስጥ ለኩ። አማካዩ ግፊት 320 በ250 ደርሶ ነበር። የጤነኛ ሰው በዕረፍት ጊዜ 120 በ80 ገደማ ነው።

መፍትሔው ብረቱን መጣል አይደለም። ሲገፉ መተንፈስ፣ ሲያወርዱ መሳብ። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚነሣ ክብደት፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ከሚነሣው ያነሰ ትንፋሽ ያስይዛል። በዙሮች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ማረፍ ሙቀቱ እንዳይከማች ያደርጋል። ጭንቅላት ወደ ታች የሚዘቀዘቅባቸውን እንቅስቃሴዎች፣ ለምሳሌ እግርን ከፍ አድርጎ የሚሠራ ፑሽ አፕን፣ ፊት በተቆጣበት ሳምንት መተው ይሻላል። ከስፖርት በፊት የሚጠጡ ዱቄቶች ላይ የተጻፈውንም ማንበብ ያስፈልጋል። ኒያሲን ወይም ቫይታሚን ቢ3 በብዛት ያለበት ዱቄት የጤነኛውንም ፊት ያቀላል።

ቤሌና ሶዶ አንድ አይደሉም

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ወላይታ ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ነፋሷ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ያታልላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራልና፣ ሶዶ ውስጥ የሚያሰጋው ከሙቀቱ ይልቅ ጨረሩ ነው። ወደ ኦሞ የወረደችው ቤሌ ደግሞ የአየሩን ሙቀት ትጨምርበታለች። በሀገራችን ብዙ ከተሞች እንደሚደረገው ብረት ማንሻ ቤቱ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ከሆነ ቀትር ላይ ክዳኑ ራሱ ሙቀት ይረጫል።

ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ከሁሉ ይቀድማል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲያ ጥሩ ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ መሸሽ ይገባል። ዘለግ ያለ ክንፍ ያለው ኮፍያ ሁሌም ይጠቅማል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተገኘ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ይመረጣል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በነፋሻ ቦታ ወይም በማራገቢያ ፊት መሥራት የሚጠቅመው ትነቱን ስለሚያፋጥን ነው። የገንቦ ውኃ በገንቦው ጎን እየተነነ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ በሌለበት በየዙሩ ከእሱ መጎንጨት፣ በውኃው የራሰ ጨርቅም ማጅራት ላይ ማድረግ ይረዳል። ላብን በፎጣ መፈተግ ቆዳውን ያስቆጣዋል፤ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማድረቅ ይሻላል። ከልምምድ በኋላ በለብታ ውኃ መታጠብ እንጂ የፈላ ሻወር አይመከርም።

ጊዜውን መከፋፈልም ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ በሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ መክሯል። ቀድሞ የነበረውን «አንዱ ልምምድ ከአሥር ደቂቃ አይነስ» የሚል ሐሳብም ትቶታል። ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ የሠራ ሰው ግማሽ ሰዓት ሠርቷል፤ ፊቱ ግን የግማሽ ሰዓት ሙቀት በአንድ ጊዜ አልተቀበለም።

ከመድኃኒት ቤት የምትገዛው ቱቦ

በጣም የሚጎዳው ስሕተት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ፊት ላይ መቀባት ነው። እነዚህ ስቴሮይዶች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊቱን ያጠሩታል። ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ደም ሥሮቹን ያሰፋሉ፤ ሲተዉም ሽፍታው ብሶ ይመለሳል። ሮዛሲያ ያልነበረበት ሰው እንኳ በእነሱ ምክንያት ሮዛሲያ መሰል ሕመም ይይዘዋል። የቆዳ ማቅሊያ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹም ስቴሮይድ አለባቸው። ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ጊዜ ከመተው ይልቅ ሐኪም እየተከታተለው ቢያቆም ይሻለዋል።

የሮዛሲያ መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል፣ አዜላይክ አሲድና በወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ዘመቻ በክኒንነቱ የምናውቀው አይቨርሜክቲን በቅባት መልክ ይታዘዛሉ። የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊንም ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። ከቤሌ ለሚነሣ ሰው ቀጣዩ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ብዙ ሰው ኦቶና እያለ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። ስፖርት ሲሠራ ፊቱ ከመቅላት አልፎ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ ሽፍ የሚልበት ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ያ ነፍስን የሚያሰጋ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

ስፖርቱን ጨርሶ መተው ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አያዋጣም። በዳሰሳ ጥናቱ ከፀሐይ ቀጥሎ ብዙ ሰው የጠቀሰው ጭንቀትን ነው። ጭንቀትን ከሚያቀሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ አዘውትሮ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። ስፖርት የተወ ሰው አንዱን ቀስቃሽ ሲሸሽ ሌላውን ይጠራል። ሙቀቱን የተቆጣጠረ ሰው ግን ሁለቱንም ይቀንሳል፤ ብረቱም አብሮት ይቀጥላል።