አማትና ምራት በአንድ ቤት

በከተማ የቤት ኪራይ ስለሚከብድ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው። እናት ሲያረጁ ከገጠር አምጥተው የሚጦሩም አሉ። ስለ አማትና ምራት ጠብ ብዙ ይወራል። አንዷ የሌላዋን ጤና እንዴት እንደምትነካ ግን እምብዛም አይነገርም።

ከአራስ ቤት እንጀምር። አማት ገንፎውን አገንፍተው፣ አጥሚቱን አፍልተው፣ ሕፃኑን ይዘው ምራታቸውን ሲያስተኟት የሚሰጡት እረፍት እኛ ክሊኒክ ውስጥ የማናገኘው መድኃኒት ነው። ሆኖም እኚሁ ደግ እናት በቆየው ልማድ ቢጫውን እንገር ያስጥሉ፣ ሕፃኑንም ቅቤ ያስውጡ ይሆናል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ ይከላከላል። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በስተቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። በር ተዘግቶ ከሰል ማንደድም እናትንና ልጅን ሊገድል ይችላል። ይህን ምራት ብትናገር እንደ ድፍረት ይቆጠርባታል። ስለዚህ ለእርግዝና ክትትል ስትመጡ አማታችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ከነርስ አፍ ሲሰሙት አይከፋቸውም።

ከሁሉም የሚከብደው የወሊድ መከላከያ ጉዳይ ነው። ካርዷን ልብስ ውስጥ የምትደብቅ፣ ከቤት መውጫ ሰበብ አጥታ የመርፌ ቀኗ የሚያልፍባት ሴት ጥቂት አይደለችም። የ3 ወር መርፌ የምትወስዱ፣ ከቀኑ እስከ 4 ሳምንት ብትዘገዩም መርፌውን መውሰድ ስለሚቻል ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ። ሌላም ጣጣ አለ። መርፌው የወር አበባን ሊያስቀር ይችላል፤ ቤት ውስጥ ያሉት አማት ይህን ሲያዩ «አርግዛለች» ወይም «ማህፀኗ ደረቀ» ይላሉ። ደም መቅረቱ በሽታ አይደለም፣ ማህፀንም አያደርቅም። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ ግን ለማርገዝ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል።

እዚህ ላይ ባሎችን እናገራለሁ። «ሁለተኛው መቼ ነው?» እያሉ ለሚጠይቁት እናት መልስ መስጠት የልጃቸው ፋንታ እንጂ የምራታቸው አይደለም። «እማዬ፣ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሌላ እርግዝና እንዳይመጣ ሁለታችንም ወስነናል፤ ለእሷም ለልጁም ጤና ነው» ቢል ካርዱ ከተደበቀበት ይወጣል። እናት የልጃቸውን ቃል የሚሰሙትን ያህል የምራታቸውን አይሰሙም።

የአማትም ጤና በምራት እጅ ነው። ደም ግፊት ያለባቸው እናት ጨው የቀነሰ ወጥ ሲቀርብላቸው «ጨው ነፈገችኝ» ብለው ያዝናሉ። ለብቻቸው ከማቅረብ ይልቅ የቤቱ ሁሉ ወጥ ጨው ይቀነስ። ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል፣ ያውም በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨው ተቆጥሮ ነው። ራስ ምታቱ ሲተዋቸው ክኒኑን አብረው እንዳይተዉት በየቀኑ አስታውሷቸው። ሕፃን አዝለው መዋላቸውም ለጉልበታቸውና ለወገባቸው ከባድ ነውና አሳርፏቸው።

በቤቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል አዋቂ ካለ፣ አማትም ሆኑ አማች፣ ሳይውል ሳያድር ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሕክምናው በነፃ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ሕፃኑ ከእሳቸው ጋር አይተኛ፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን።